የማይገጥሙት ምስሎች

የጥርስ ሐኪሙ ባለፈው ወር የተነሣውን የመንጋጋ ሲቲ ስካንና ዛሬ ከሴትዮዋ አፍ የወሰደውን ምስል ኮምፒዩተሩ ላይ ሊያጋጥማቸው ሦስቴ ሞከረ። አልገጥም አሉት። ሳይገጥሙ ጥርስ እተክላለሁ ብሎ አጥንት ቢበሳ፣ ነርቭ መንካቱ አይቀርም። መጀመሪያ ማሽኑን ረገመ፤ ቀጥሎ ራሱን ተጠራጠረ።

«እማማ፣ ይሄ ሲቲ በእርግጥ የእርስዎ ነው?»

ሴትዮዋ ጥቁር ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ።

«የእህቴ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ልጇ ቻይና የጥርስ ሕክምና ይማራል። ‹የእማዬ ሲቲና የአፏ ምስል ሲጋጠም ላኩልኝ፣ እኔም ልየው› እያለ መግቢያ መውጫ አሳጣን። ፈተናውን ሳይጨርስ መርዶ አይነገረውም ብለን ነው። በእናትህ ዶክተር፣ እንደምንም አጋጥመው።»