መኝታ ያለው መኪና

ናሁሠናይ ለጉዟችን ሊከራየው ያሰበውን መኪና በስልኩ አሳየኝ። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ ከምድጃው ጎን ደግሞ ሽንት ቤት!

«ኤዲያ! ወጥ እየሠራችሁ እዚያው ልትጸዳዱ? ስምንተኛው ሺህ ይኼ ነው!»

«እማዬ፣ በር እኮ አለው» አለች እህቱ ቤዛዊት እየሳቀች።

«ሽታ በር ያንኳኳል እንዴ?»

«ትንሽ ቻይው በቃ» አለኝ ናሁሠናይ። «መኪናውን ሐይቁ ዳር አቁመን፣ በጀልባ ደሴቱ ላይ ያለው የሴቶች ገዳም እናደርስሻለን። ተሳልመሽ ስትመለሺ ሰፊው አልጋ ያንቺ ነው።»

አፍንጫዬን በነጠላዬ ያዝኩ።

ቤዛዊት ልብሴን ልታጣጥፍልኝ ሻንጣዬን ስትከፍት የመነኩሴ ቆብ አገኘች። ሳቋ ጠፋ።

«እማዬ፣ ይኼ የማነው?»

«የመሄጃውን ሽታ እንደምንም እችለዋለሁ» አልኳት። «መመለሻውን ለራሳችሁ።»