የእትዬ ሸዋገነት ቆርቆሮ

የካቶሊክ ትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ለክረምቱ የአገልግሎት ሱባኤ ሰኞ ጠዋት ሲሰባሰቡ፣ አባ ኃይለመለኮት ረጅም ስብከት አልሰበኩም። «የድሃ እምቢታ ይሉኝታ ነው» አሉ። «ተዉ ቢሏችሁም በርቱ።» ከዚያ ቆርቆሮ፣ መዶሻ፣ ሚስማርና ጉጠት አስይዘው ሁለት ሁለት እያደረጉ በየቤቱ አሰማሯቸው።

ለእምነትና ለሀብተ ወልድ የደረሳቸው ምን አለሽ ተራ ጀርባ ያለው የእትዬ ሸዋገነት ቤት ነበር። እምነት አንድ ነገር ከያዘች ሞቼ እገኛለሁ የምትል ልጅ ናት። የክፍሏ ልጅ ሀብተ ወልድ ደግሞ መሰላል ይፈራል፤ ግን ይወጣል።

ቤቱ ቤት አይባልም። ጣሪያው ወንፊት ሆኗል፣ ወለሉን ባልዲና ጎድጓዳ ሳህን ሞልቶታል። የእትዬ ሸዋገነት ዕቃ በሙሉ በማዳበሪያ ታስሮ በሩ ሥር ተቀምጧል። ዝናቡ ዕቃቸውን እንኳ ዘርግተው እንዳይኖሩ አደረጋቸው ብላ እምነት እንባዋ መጣ።

«ኧረ ተዉ ልጆቼ፣ አትልፉ» አሉ እትዬ ሸዋገነት አዲሱን ቆርቆሮ ሲያዩ።

«በሞቴ እትዬ! እርስዎ ቁጭ ይበሉ» አለች እምነት።

«ተዉ አይሆንም፤ እኔ እንዲሁ ይሻለኛል።»

«ልጆችዎ አይደለንም እንዴ?»

አሮጊቷ በረጅሙ ተነፈሱና ሻይ ሊጥዱ ገቡ። ሀብተ ወልድ መሰላሉ ላይ ሲንቀጠቀጥ ግን ብቅ ብለው «ወደ ታች አትይ፤ እኔ ከሟች ባሌ ጋር ስንት ጣሪያ ወጥቻለሁ» አሉት። ሊያበረታቱት መስሎት ሳቀ።

መሰላሉን ያዋሳቸው ጎረቤታቸው ጁነዲን ነው፤ ከአሮጌ በርሜል የከሰል ምድጃ የሚቀጠቅጥ፣ ሳቂታ ሰው። ሥራውን አቁሞ ወደ ላይ ሲያያቸው ቆየ።

«አርብ ጠዋት ከቀበሌ ኮሚቴ ይመጣል» አላቸው። «ለመኖር አይበቃም ያሉትን ቤት ያፈርሱና ሰውየውን ኮንዶሚኒየም ይልኩታል። ይበቃል ካሉ ባለበት ይቀራል።»

እምነት መዶሻዋን ጨበጠች። «ዕድሜያቸውን ከኖሩበት ሰፈር ሊነቅሏቸው? ሲያምራቸው ይቅር! ማንም አይነቅላቸውም!»

ጁነዲን ሳቀ።

ተማሪዎቹ የሚያድሩት ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወዲያ ባለ አዳራሽ ነበር። ማክሰኞ ከቅዳሴ በኋላ ሲመጡ፣ ሰኞ የመቱት ቆርቆሮ ሁሉ ተነቅሎ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። አልተሰረቀም። ሚስማሮቹ እንኳ በጣሳ ተሰብስበዋል። የጠፋው ጉጠቱ ብቻ ነው።

«ማታ ድምፅ አልሰሙም?» አለች እምነት።

«ጆሮዬ ከብዷል ልጄ።»

እምነት ወደ ሀብተ ወልድ ጠጋ ብላ አንሾካሾከች። «ጁነዲን ነው። መሰላሉ የእሱ ነው። ቤቱ ሲፈርስ ቦታው ለበርሜሉ ሊሆነው!»

«ኧረ ጁነዲን ምን አደረገ፣ ተዪው!» አሉ እትዬ ሸዋገነት ከጓዳ።

ደግነታቸው እምነትን ጭራሽ አናደዳት። ቤታቸውን ለሚያፈርስ ሰው ጥብቅና ይቆማሉ!

እንደገና መቱ። ረቡዕ ተነቅሎ አገኙት። መቱ። ሐሙስም ያው። የእምነት እጅ ውሃ ቋጠረ። ሀብተ ወልድ «ለአባ እንንገር» ቢላት አሻፈረኝ አለች።

«እሱ ይንቀል፣ እኔ እመታለሁ። ማን ቀድሞ እንደሚደክመው እናያለን።»

«ልጆች፣ ሰው ተዉ ሲባል ይተዋል» አለ ጁነዲን ከታች።

«ዛሬም ና!» አለችው፣ ጋሼ ማለቱን ትታ። «ነገም እንመታዋለን!»

ጁነዲን እንደ ልማዱ ሳቀ።

ያን ቀን እትዬ ሸዋገነት ሻይ እየቀዱ ሀብተ ወልድን ጠየቁት። «አንተ፣ እናንተ የምትኖሩት ኮንዶሚኒየም ነው አላልከኝም? ሽንት ቤቱ እቤት ውስጥ ነው የሚሉት እውነት ነው?»

«አዎ እትዬ። የቧንቧ ውሃም አለው፤ ሲመጣ ነው እንጂ።»

አሮጊቷ ማንቆርቆሪያውን እንደያዙ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። እምነት እጃቸውን ያዘች።

«አይዞዎት። እኛ እያለን እዚያ አይወስዱዎትም።»

«ኧረ ተዉ ልጆቼ» አሉ።

አርብ ዕለት እምነት ቅዳሴውን ትታ ሀብተ ወልድን እየጎተተች ማልዳ መጣች። ካፊያ ነበር። ጥጉን ሳይዞሩ ሚስማር ከእንጨት ሲነቀል ሲጥ፣ ሲጥ ሲል ሰሙ። መሰላሉ ቆሟል። ጣሪያው ላይ ላስቲክ የተከናነበ ሰው ጎንበስ ብሎ ይታገላል።

እምነት መሰላሉን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች። «ያዝኩህ! ውረድ ጁነዲን! ሺህ ጊዜ ብትነቅል ይህ ቤት አይፈርስም!»

«አቤት» አለ ጁነዲን ከኋላዋ፤ የራሱ በር ላይ ቆሞ ጥርሱን ይፍቃል።

ከጣሪያው ጠርዝ መጀመሪያ የጠፋው ጉጠት፣ ቀጥሎ የእትዬ ሸዋገነት ፊት ብቅ አለ፤ «ስንቴ ተዉ ልበላችሁ? በሉ አሁን ይህን ቆርቆሮ ተቀበሉኝ፣ ኮሚቴው ሳይደርስ!»