እድሩ የከፈተው ፎቶ

ወይዘሮ እማዋይሽ የኢንተርኔት ሌባ በኢሜይል የላከላቸውን ተንኮለኛ ፋይል ከፍተው በኢንተርኔት የሚከፈተው የሰፈሩ በር ሁሉ ተቆልፎ ካደረ ወዲህ፣ የማንንም ፋይል ቀድሞ የሚከፍተው የእድሩ ዳኛ ነው። እማዋይሽም አፍረው ስለነበር ደንቡን ደግፈዋል።

ዛሬ ከገበያ ሲመለሱ ጎረቤታቸውና የእድሩ ኮሚቴ አባል ፋንታዬ አቅፋ ሳመቻቸው።

"እንኳን ማርያም ማረቻት። ሕፃኗ ቁርጥ እርስዎን ናት።"

"ማን ወለደ?"

ፋንታዬ አፏን ያዘች። የእድሩ ዳኛ አቶ ግርማቸው ቀረብ አሉ።

"ከልጅዎ የመጣው ፎቶ ተመርምሯል፤ ንጹሕ ነው። አሁን መክፈት ይችላሉ።"

"ማን ማን አየው?"

"ኮሚቴው ነው። ደስ ብሎን እልል አልን።"

እማዋይሽ ዘንቢላቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

"ያ ሌባ እንኳ በሬን ነው የቆለፈብኝ፤ እልልታዬን አልነካብኝም።"