ሥራውን እስኪጨርስ

እናትዓለም በሩን ከመክፈቷ በፊት ጥቁር ቀሚሷን አውልቃ ነጭ ለበሰች። ከሌኒንግራድ የመጣ የወንድሟ ጓደኛ ቤቷን እያጠያየቀ መሆኑን ጎረቤት ሮጣ ነግራታለች።

እንግዳው ዶክተር አንዳርጋቸው ይባላል። ከወንድሟ ከሣህሉ ጋር በአንድ ቤተ ሙከራ ሠርቷል፤ አሁን ፔዳ በሚባለው የመምህራን ኮሌጅ እንዲያስተምር ተመድቦ ባሕር ዳር ገብቷል። ከባድ ሻንጣ ይዟል። ገና እንደተቀመጠ የጠየቀው ስለ እናታቸው ስለ ወይዘሮ የብርጓል ነበር።

እናቴ እንፍራንዝ፣ እህቷ ዘንድ ሄዳለች አለችው።

ወይዘሮ የብርጓል የሞቱት ባለፈው ዐቢይ ጾም ነው። ጡታቸው ላይ ነቀርሳ ወጥቶባቸው ነበር። ሣህሉ መታመማቸውን የሰማው ዶክትሬቱን ጨርሶ ለመመለስ ሲሰናዳ ነው። ሐሳቡን ቀየረና ነቀርሳ ከሚያመጡት ፕሮቲኖች የአንዱን ቅርጽ ከሚያጠኑ ሰዎች ጋር ለተጨማሪ ምርምር እዚያው ቀረ። ቅርጹ ከታወቀ የሚያስቆመው መድኃኒት ይገኛል፣ ለእናቴም ይደርሳል ብሎ አመነ።

እናቱ ግን ቀደሙት። ሊሞቱ ሲሉ፣ ሥራውን እስኪጨርስ እንዳትነግሩት ብለው ልጃቸውን፣ ጎረቤቱን፣ የንስሐ አባታቸውን አባ ተክለ ጊዮርጊስን ሳይቀር አስማሉ። እናትዓለም በጻፈች ቁጥር እናታችን ደኅና ናት ትለዋለች። ከክረምት ወዲህ እሱ መጻፉን ትቷል። ሥራ በዝቶበት ይሆናል ብላ፣ መዋሸቱም ስለቀረላት ትንሽ እፎይ ብላ ነበር።

ከስቶ እንደሆነ፣ ብርዱን ለምዶት እንደሆነ እንግዳውን ጠየቀችው። እሱ ያወራላት ስለ ሥራው ብቻ ነው። ፕሮቲኑን እንደ ጨው አርግተው ክሪስታል ያደርጉታል፤ በራጅ ያነሡታል፤ ፎቶው ላይ ከሚታዩት ነጠብጣቦች ቅርጹን ያሰላሉ። ሣህሉ ለአንድ ክሪስታል ወራት ይጠብቅ ነበር። ሲሰነጠቅበት እንደገና ይጀምራል።

ለእናታቸው ያመጣውን ሻንጣ እኔ አስቀምጥላታለሁ ስትለው በእጃቸው ካልሆነ አልሰጥም አለ። የቀረበለትን ምግብ ሳይነካ ሄደ።

በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። እናትሽ ገቡ ወይ አላት። አልገባችም ስትለው እንፍራንዝ እሄዳለሁ አለ፤ እዚያ ያሉት የቅርብ ዘመዶች፣ ትልልቆቹ፣ እነማን እንደሆኑ ጠየቃት። ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ፍተሻ በዝቷል፤ ያለ ይለፍ ወረቀት ከሐሙሲት አያሳልፉም አለችው። ወረቀቱን አወጣለሁ አለና ተነሣ።

የእናቷን መሞት እንደጠረጠረ እርግጠኛ ሆነች። አንድ ቃል ቢጽፍ ሣህሉ ሁሉን ጥሎ ይመጣል፤ የእናቱ ድካም ሁሉ ከንቱ ይቀራል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባ ተክለ ጊዮርጊስ ጠሯት። ፊታቸው ጠቁሯል። የሆነ ዶክተር የወይዘሮ የብርጓልን ንስሐ አባት እያፈላለገ ነው፤ ነገ እቤቴ ይመጣል ተብያለሁ አሏት።

እናትዓለም ወደ ቤቷ አልተመለሰችም። ከሌላ አፍ ከሚሰማው እኔ ነግሬው ልለምነው ብላ በቀጥታ ወደ ፔዳ ሄደች። አንዳርጋቸውን ከግቢው አስወጥታ ወደ ሐይቁ ዳር ወሰደችው። ነፋሱ ደንገሉን ያስተኛዋል። ሁለት ታንኳዎች ማገዶ ጭነው ከደሴት እየመጡ ነበር።

«ይቅር ይበሉኝ፣ ዋሽቸዎታለሁ» አለችው። «እናቴ እንፍራንዝ የለችም። በዐቢይ ጾም ቀብረናታል።»

አንዳርጋቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየች። ለማያውቃት ሴት ይህን ያህል ማልቀሱ አሳዘናት፤ ትንሽም አጽናናት።

አጠገቡ ተንበርክካ ለመነችው። እናቷ ያስማሉትን፣ ሁሉም በአንድ አፍ ሲዋሽ መክረሙን ነገረችው። ሣህሉ ጥቂት ነው የቀረው፤ ሲጨርስ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ፣ ጥፋቱም በእኔ ይሁን አለችው። እሱ ቀና ብሎ ሐይቁን አየ። ታንኳዎቹ ዳር ደረሱ፤ ሰዎቹም ማገዶውን ማውረድ ጀመሩ።

«በእናቴ አጥንት» አለችው፣ «እንደማይነግሩት ቃል ይግቡልኝ።»

«አልነግረውም፣ እህቴ። እኔም እናታችሁን የፈለግኋቸው የሣህሉን መርዶ ላረዳቸው ነበር።»