የወልደ ሰንበት ነፍስ

ሽማግሌው ከመንዝ ወጥተው አዲስ አበባ ፖሊስ በሆኑ በሦስተኛው ዓመት ነው ሰው የገደሉት። ገበያ መሀል ሌባ ተብሎ የተጮኸበት ጎረምሳ ሲሮጥ "ቁም!" አሉት፤ አልቆመም። ተኮሱ። አለቆቻቸው አመስግነው በዚያው ሰሞን ማዕረግ ጨመሩላቸው። ተሰረቀ የተባለው አንድ ጣቃ ጨርቅ ግን በማግስቱ ከባለሱቁ ከራሱ ጓዳ ተገኘ። የልጁን ሬሳ የጠየቀ ዘመድ አልመጣም። እሳቸውም ማዕረጉን አልመለሱም።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በዚያች ቀን፣ ማንም የማያውቃቸው ከተማው ዳር ያለ ቤተ ክርስቲያን ብቻቸውን ይሄዳሉ። ለሟቹ ነፍስ ብለው የክርስትና ስም የጻፉባትን ብጣሽ ወረቀት ከጧፍ ጋር ለቄሱ ይሰጡና ጸሎቱ እስኪያልቅ አንገታቸውን ደፍተው ይቆማሉ። አርባ አንድ ዓመት እንዲህ አደረጉ፤ ለሚስታቸው እንኳ ትንፍሽ አላሉም።

ዘንድሮ ጉልበታቸው ስለከዳቸው የልጅ ልጃቸው ውባለም ደግፋ ወሰደቻቸው። መንገድ ላይ እያለቀሱ ሁሉንም ነገሯት።

ቄሱ ወረቀቷን ተቀብለው፣ "የወልደ ሰንበትን ነፍስ ይማርልን" ሲሉ ውባለም ክው አለች። ወደ አያቷ ጆሮ ጠጋ ብላ፣

"አባባ፣ ወልደ ሰንበት እኮ የእርስዎ የክርስትና ስም ነው!" አለቻቸው።

ሽማግሌው ቀና አላሉም።

"ያለ ስም አይጸለይም አሉኝ" አሉ። "የሱን መቼ ጠየቅኩት፣ ልጄ?"