ደመናው እስኪመጣ

ሃርድ ዲስኩ እንደገና ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ አለና ዝም አለ። ናሁሰናይ ኬብሉን ነቀለ፣ አፍታ ጠበቀ፣ መልሶ ሰካው። የጥር ሰርግ ወገቡን ሰብሮት ነው የከረመው፤ ከቡሬ ደምበጫ ካሜራ ተሸክሞ ሲንከራተት እንቅልፍ የሚባል ነገር ረስቷል። አሁን ደግሞ ይሄ የተረገመ ብረት!

«ታመመ እንዴ?» አሉ አባ ዘሩ፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው ከደንበኛ መቀመጫው ላይ።

«ትንሽ አስቸገረኝ፣ አባ።»

ሽማግሌው ከቋሪት ነው የመጡት። ልጃቸውን ሲድሩ የቀረጸው ናሁሰናይ ነበር። ሲዲውን የልጅ ልጆቻቸው መሬት ላይ ሲያሽከረክሩት ተጫጭሮ አልሠራ አለና፣ ሌላ ግልባጭ ፍለጋ ፍኖተ ሰላም ድረስ ወረዱ። ገና ከበር ሲገቡ ነው ጉዳያቸውን የተናገሩት።

«ለሰርጉ ብዬ እንዳይመስልህ። ለአቻምየለሽ ነው፣ ለባለቤቴ። ክረምት ላይ ቀበርኳት። እና ልጄ፣ ምን ልበልህ፣ ፊቷ እየጠፋብኝ ነው። ድምጿ አለ፣ አካሄዷም አለ። ፊቷን ላስብ ስል ግን ብትን ይልብኛል። ፎቶ የላት! መታወቂያ አውጪ ስትባል ‹የት ልሄድበት!› ነበር መልሷ።»

የሰው ሰርግ ሁሉ ያለው እዚህ አንድ ዲስክ ውስጥ ነው። ሚስቱ ህይወት «ሌላ ዲስክ ግዛና ግልባጭ ያዝ» እያለች ከመስከረም ጀምሮ ጨቅጭቃዋለች። ይገዛም ነበር፤ ባሕር ዳር ኮምፒውተር የሚጠግነው ጓደኛው አንዷለም ባይደውልለት ኖሮ። «እንዳትገዛ! ሞኝ አትሁን! ደመና ሊመጣልን ነው!»

ደመና የሚሉት ፈረንጆቹ በነጻ ሊሰጡት ነው የተባለ ማስቀመጫ ነው። ሥራህን ሁሉ በኢንተርኔት ወደዚያ ትሰቅላለህ፣ ቤትህ ቢቃጠል አይነካውም አሉ። አንዱ ከፋሲካ በኋላ ነው ይላል፣ ሌላው የለም ክረምት ሳይገባ ነው ይላል። አንዱ ልክ የለውም ሲል ሌላው ለፎቶ ብቻ ነው ብሎ ይምላል። ናሁሰናይም አንዲት ፎቶ ለመላክ ግማሽ ቀን የሚያስጠብቀውን የከተማውን ኢንተርኔት ረስቶ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ሰው ሲደክመው የማያምነው ነገር የለም።

«ሌላ ቦታ አላስቀመጥኸውም?» አሉ አባ ዘሩ።

«ደመና ላይ ላስቀምጠው ነበር ያሰብኩት፣ አባ።»

ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው ያፈረው። ሽማግሌው በበሩ አንገታቸውን አስግገው ወደ ሰማይ ተመለከቱ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ከጥቅምት ወዲህ ደመና የሚባል አልታየበትም።

«እዚህ ላይ?»

«አይ፣ እንደሱ አይደለም። ፈረንጅ አገር ያለ ትልቅ ማሽን ነው። ስሙን ነው ደመና ያሉት። ሊመጣ ነው ሲሉኝ እሱን ስጠብቅ…»

«ተረዳሁህ፣ ተረዳሁህ» አሉ አባ ዘሩ። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የከረሙ ሰው ናቸው፤ ቃል ሲያገኙ ሳያገላብጡ አይተዉም። «ስም አውጪው መቼም አዋቂ ነው። ከደመና ላይ ‹ደ›ን ብታነሳለት ‹መና› ነው የሚቀርህ። መና ከሰማይ ይወርዳል። ደጅ የጠናም መና ይቀራል። አንተን የትኛው አገኘህ?»

«ሁለተኛው ነው፣ አባ።»

ሽማግሌው ሊስቁ ብለው ተዉት። በዚህ መሃል ዲስኩ እንደ መተንፈስ አለና መዞር ጀመረ። ናሁሰናይ ፎልደሩን ከፈተ፣ የሰርጉን ቪዲዮ አገኘና ተጫነው።

ዳሱ ታየ። ዘፈኑ እየተቆራረጠ፣ ጭብጨባው እየተንተባተበ። ካሜራው ሙሽራዋን አልፎ ወደ ጓዳ በር ዞረ፤ አንዲት ሴት ወጥታ መቀረጿን ስታይ ደንግጣ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

«እሷ ናት!» አባ ዘሩ ብድግ ሲሉ ዱላቸው ወደቀ። «እሷ ናት በሚካኤል! አሁን ታወርደዋለች። ሴቶቹ ሲስቁባት ታወርደዋለች፣ ቆይ…»

የነጠላው ጥለት ከግንባሯ ዝቅ ማለት ጀመረ። ቅንድቧ ሊታይ ሲል ምስሉ ቀጥ አለ። ጠቅ። ከዚያ ጠፋ።

ናሁሰናይ ነቀለ፣ ሰካ። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አስነሳ። ዲስኩን በመዳፉ አሞቀው፣ ጆሮው ላይ አስጠግቶ አዳመጠው። የሞተ ነገር ነው፣ ምን ይሰማል!

«አባ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ።

አባ ዘሩ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለው ነበር። ቀስ ብለው ተቀመጡና «አንተስ አይተሃታል» አሉ። «ካሜራህን ይዘህ አጠገቧ ነበርክ። ምን ትመስል ነበር?»

ናሁሰናይ አእምሮውን ፈተሸ። ስንት የሙሽራ እናት ቀርጿል! ሁሉም አልቅሰዋል፣ ሁሉም ስቀዋል፤ የአቻምየለሽ ፊት የለም። አላስታውስም ሊል አፉን ከፈተ፤ የሽማግሌውን ዓይን ሲያይ አቃተው። የመጣለት የገዛ እናቱ ፊት ነው።

«ጥርሳቸው… ፍንጭት ነበር።»

«ኧረ አልነበራትም!» አሉ አባ ዘሩ። «ግጥም ያለ ነው ጥርሷ። ይቺ የግራዋ ብቻ ወጣ ትላለች፤ ስትስቅ ከንፈሯን የምትይዝባት።»

ጣታቸው የራሳቸው ከንፈር ላይ እንዳለች ቀረች። ናሁሰናይ ጣቲቱን አየ። ኬብሉን ጣለና መጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠ።

«ጠይም ነበሩ መሰለኝ?» አለ፣ እንዲያርሙት ብሎ።

«ምን ጠይም! ቀይ ናት እንጂ! ጉንጯን እዚህ ጋ ፀሐይ ያጠቆራት…»

«አፍንጫቸውስ፣ ጎራዳ አልነበር?»

«አንተ ልጅ፣ ዕውር ነህ እንዴ!» ብለው ጮኹበት አባ ዘሩ፣ የራሳቸውን ዓይን ጭፍን አድርገው።