ያንቺ እጅ ነው

እሑድ ጠዋት ወይንሸት ልጇን ፍሬሰላምን ጉልበቷ ሥር አስቀምጣ ፀጉሯን ለሁለት ከፈለችው። ከዚያ ጣቶቿ ቆሙ። ዓይኗን ጨፍና ትሠራው የነበረው፣ ከእናቷ የተማረችው ሹሩባ ከየት እንደሚጀመር ጠፋት።

ዓርብ ዕለት የኬብል ፋብሪካው «የክህሎት ክፍተት ልሙላ» ብሎ ለሠራተኛው ሁሉ ቆብ አጥልቆ ነበር። ቆቡ ሙያን ከአንዱ ነቅሎ ሌላው ላይ ይተክላል። ለወይንሸት የማሽን ጥገና እንደሚሰጧት ነገሯት እንጂ ምን እንደሚወስዱባት ትንፍሽ አላሉም።

ሰኞ ልጇን ፀጉሯ እንደተንጨባረረ ይዛት ፋብሪካ ገባች። አዲሱ ሠራተኛ ገዛኸኝ የመዳብ ሽቦውን ልክ በእናቷ የሹሩባ አሠራር ይጎነጉናል። ደሟ ፈላ።

«እሱ ይህ ሙያ ጎድሎት ነበር፤ አንቺ ደግሞ ለሥራሽ አያስፈልግሽም» አላት ኃላፊው።

«የእናቴን ሙያ ትርፍ ነው ያለህ ማነው? አንተን ማን ሾመህ?»

ፍሬሰላምን ገዛኸኝ ፊት በርጩማ ላይ አስቀመጠቻትና ከቦርሳዋ ማበጠሪያ አውጥታ ሽቦው ላይ ወረወረችው። «በል ጨርስ!»

ገዛኸኝ በኀፍረት አንገቱን ደፍቶ መጎንጎን ጀመረ። ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች።

«እማዬ» አለች፣ «ያንቺ እጅ ነው።»